የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀይ

ቶሩላታ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። በቤንጋል፣ በሺሙልዲ መንደር ባሏን በስሙ የምትጠራ ሴት ዕድሜውን ታሳጥራለች ይባላል፤ ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ “ስማ”፣ “እሱ”፣ “የቤቱ ሰው” እያለች ኖራለች። በገበያ መሃል ጎኩል የሚባል ሌላ ሰው ሲጠራ እንኳ የሰማች እንዳይመስልባት ፊቷን ታዞር ነበር። ጎኩል ማይቲ ግን ይስቅባታል። “እንግሊዝ ስሜን ጽፎ በየዛፉ ለጥፎታል፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ” ይላታል።

እውነቱን ነው፣ ተለጥፏል። የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ሲል የአካባቢው ገበሬ ባለሦስት ቀለም ባንዲራውን ይዞ፣ “ከአገራችን ውጡ” እያለ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲተም፣ ከፊት ከነበሩት አንዱ ጎኩል ነበር። ተኩስ ተከፈተ፤ ብዙ ሰው ወደቀ፤ ጣቢያውም ተቃጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎኩል ቤቱ አድሮ አያውቅም። ሰው ከምግብ በኋላ የሚያኝከውን የፓን ቅጠል ከማብቀል በቀር ሌላ ሙያ ያልነበረው ሰው፣ አሁን ቢያዝ የሚጠብቀው ገመድ መሆኑን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል።

በጥቅምት፣ ለሴቲቱ አምላክ ለዱርጋ በዓል ከበሮው መመታት በጀመረበት ዕለት፣ አውሎ ነፋሱ መጣ። ጣራውን ሁሉ ገፎ ሲያበቃ ባሕሩን በሃልዲ ወንዝ በኩል ሽቅብ ነዳው። ሲነጋ ላምም ሰውም ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። መንግሥት ተብዬው ደግሞ “ጣቢያ ያቃጠሉ ናቸው” ብሎ አንዲት ጀልባ ሩዝ ለመላክ ሲያንገራግር ከረመ። እዚህ ላይ ብዙ አለመናገር ይሻላል፤ አፍ ይበላሻል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቶሩላታ ለማገዶ የሚሆን ሸምበቆ ልትለቅም ወደ ፈረሰው የፓን ማሳቸው ሄደች። ማሳው ድሮ በሸምበቆ ታጥሮ፣ በሣር ተሸፍኖ፣ ውስጡ አረንጓዴ ጨለማ ነበር። አሁን ሁሉም መሬት ላይ ተኝቷል። ከወደቀው ሣር ሥር አንድ ሰው ቀና አለ። ጎኩል ነበር።

“እንዳትጮኺ” አላት።

አልጮኸችም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

“በልተሃል?” አለችው። አራት ቀን ሙሉ ውሃ በላው ብላ ስታለቅስ የከረመች ሴት የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር።

“በልቻለሁ። አሁን ስሚኝ፣ ጊዜ የለኝም። ታች፣ ወንዙ ሲታጠፍ፣ አንድ ሬሳ ወድቋል። ቁመቱ የኔው ነው። ፊቱን ሸርጣን በልቶታል። የብር ክታቤን ክንዱ ላይ አስሬለታለሁ። ነገ ሰው ያገኘውና የጣቢያው አዛዥ ይጠራሻል። እሱ ነው ትያለሽ፣ በቃ።”

“እሱ ነው ብዬስ?”

“ከዚያማ እንደማንኛዋም ባል የሞተባት።”

ቶሩላታ እጇ ሳታዝዘው ወደ ራሷ ሄደ። በሺሙልዲ ያገባች ሴት በፀጉሯ መካፈያ ላይ የምታሰምረው ቀይ ዱቄት፣ ሲንዱር፣ ጌጥ አይደለም፤ የባሏ ዕድሜ መቆያ ነው። አንድ ቀን ሳትቀባ የዋለች ሚስት ባሏ በደህና እስኪመለስ እህል አይወርድላትም። የነጭ ዛጎል አምባሯም እንደዚያው ነው፤ ሲሰነጠቅ እንኳ “ተሰበረ” አይባልም፤ አፍ አውጥቶ መናገሩ ያስፈራል።

“አንተ በሕይወት እያለህ ሲንዱሬን ልታጠበው?” አለች። “በገዛ እጄ ልግደልህ?”

ጎኩል ሳቀ። “በአንዲት ቁንጥጫ ቀይ ዱቄት የምኖር ከሆነ እንግሊዝ እኔን ሲያሳድድ ምን ያደክመዋል? ያንቺን የሲንዱር ቆርቆሮ መቀማት ነበር።”

“አትሳቅ!”

“እሺ፣ አልስቅም። ቶሩ፣ የሞተ ሰው አይፈለግም። ከሞትኩ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ካልሞትኩ ግን እሞታለሁ። ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ።”

“እናትህስ?” አለችው።

እዚህ ላይ ዓይኑን ከሷ አነሣ። “እማዬ ማወቅ የለባትም። ውሸት አታውቅበትም፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። ደግሞ አዛዡ የሚያምነው ያንቺን ቃል ሳይሆን የእሷን እንባ ነው።”

ለአገር ይሁን ለሌላ፣ እንዲህ ያለው ነገር ያው ጭካኔ ነው። ጎኩልም አላጣውም። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ካሲም ከሚባለው ጀልባ ቀዛፊ ዘንድ እንደሚሸሸግ ነገራት። ካሲም በየገበያው ቀን ሸክላ ማሰሮ ሊሸጥ ይመጣል፤ ጎኩል ደህና ከሆነ አንዲት የተጠቀለለች ፓን በእጇ ያስይዛታል። ሌላው ሰው ፓኑን ሲጠቀልል በአንድ ቅርንፉድ ይወጋዋል፤ ጎኩል ግን በሁለት፣ አጣምሮ ነበር። ያን አጠቃለል የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

በማግሥቱ ሁሉም እንዳለው ሆነ። የጣቢያው አዛዥ ቡፖቲ ናንዲ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ወንዙ ዳር ቆሟል። አማቷን ሱኮዳን ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ሬሳው በሙዝ ቅጠል ከፊሉ ተሸፍኗል።

“ባልሽ ነው?” አላት አዛዡ።

ቶሩላታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

“በአፍሽ ተናገሪ። ስሙን ጥሪና ይሄ እከሌ ነው በይ።”

አንገቷን ደፋች። ከጎኗ ሱኮዳ ናት በቁጣ የመለሰችለት። “የሰው ሚስት የባሏን ስም ጥሪ ትባላለች? አንተ እናት አላሳደገችህም?” አለችና፣ ወዲያው ዓይኗ የብር ክታቡ ላይ ወደቀ። ያንን ክታብ ልጇ በአምስት ዓመቱ ሲታመም ቤተ መቅደስ ድረስ በባዶ እግሯ ሄዳ ያሳሰረችለት እሷ ነበረች። “ጎኩሌ!” ብላ የማታውቀው ሬሳ ላይ ወደቀች። ያንን የተበላ ፊት አገላብጣ ሳመችው።

አዛዡ ጻፈና ፈረመ። ቶሩላታም አለቀሰች፤ ማልቀስ አልቸገራትም። አማቷ የባዕድ ሬሳ ስትስም ማየት ብቻውን ያስለቅሳል። ደግሞ ሐሳቧ ወደ ሟቹ ይሄዳል። የማን ልጅ ይሆን? ይሄም እኮ የሆነ ቦታ በር በሩን የምታይ እናት አለችው።

የጎኩል የአጎት ልጅ ሬሳው የሚቃጠልበትን እሳት በእርጥብ እንጨት ለኮሰ። ከዚያ ሴቶቹ ቶሩላታን ወደ ኩሬው ወሰዷት። ዛጎሉን በጡብ የሰበረችው፣ የብረት አምባሯን ያወለቀችው፣ ሲንዱሯንም በውሃ ያጠበችው ሱኮዳ ራሷ ናት። ሱኮዳንም በሠላሳ ዓመቷ፣ ባሏ ሲሞት፣ እንዲሁ በዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሌሎች አጥበዋታል። የፀጉር ቆራጩ ሚስት መቀስ ይዛ ስትጠጋ ግን እጇን ያዘቻት።

“ፀጉሯን ተዉላት።”

“ወጉ ነው እኮ፣ የጎኩል እናት።”

“ወጉን አውቃለሁ፤ በኔ ራስ ነው የተማርኩት። ተዉላት አልኩ።”

ቶሩላታ የመበለት ነጭ ልብስ ለበሰች። ዓሣ ቀረ፤ ሽንኩርት ቀረ፤ በቀን አንዴ ሩዝ፣ እሱም ከተገኘ። እንዲህ ያለውን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ጠዋት ጠዋት እጇ በልማድ ወደ ሲንዱሩ ቆርቆሮ ሄዶ ባዶውን ሲመለስ ነው። ባሏ የተኛበትን ጀልባ እየነደለች ያለች ይመስላት ጀመር። በሁለተኛው የገበያ ቀን ካሲም ሳይመጣ ሲቀር፣ ወንዙ ማዶ ሰው በጥይት ተመታ የሚል ወሬም ሲሰማ፣ በቃ ገደልኩት አለች። ካሲም በሦስተኛው መጣ፤ ወባ ይዞት ኖሯል።

“እህቴ፣ እቺን ለአማትሽ ስጪልኝ” ብሎ ፓኗን በእጇ አኖረ። ሁለት ቅርንፉድ ነበራት።

በዚያው ቀን ቶሩላታ የሩዝ ገለባ ከተከመረበት እንስራ ሥር የሲንዱር ቆርቆሮዋን አወጣች። ከጭንቅላቷ በስተኋላ፣ ቋጠሮው ከሚያርፍበት ሥር ፀጉሯን ከፍላ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጥብ ነካች። ማንም የማያየው ቦታ ነው። ለረጅም ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ድረስ አልወረደም ነበር፤ አሁን ወረደ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ አደረገች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፣ መንደሩ በመበለትነቷ ሲያዝንላት እሷ በልቧ ሚስት ሆና ትውላለች።

ከሁሉ የሚከብዳት ከሱኮዳ ጋር መቀመጡ ነበር። አማቷ የራሷን ሩዝ እየቀነሰች ሳህኗ ላይ ትገለብጥላታለች። ረሃቡ እየገባ፣ ሩዙ በየሳምንቱ እየጠፋ፣ ሰው የውሃ ቅጠል መቀቀል ጀምሯል። ሱኮዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስለ ልጇ ታወራለች።

“ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ግትር ነበር። በአራት ዓመቱ የፈላ የሩዝ ውሃ አትንካ ብለው ነክቶ ጉልበቱን አቃጠለው። ያ ጠባሳ እስከመቼም አልለቀቀውም። ታስታውሺዋለሽ?”

“አስታውሳለሁ፣ እማዬ።”

“ሬሳው ላይ ላየው ፈልጌ ነበር። እግሩ አብጦ አልታየኝም።”

ቶሩላታ ተነሥታ ውሃ ልቀዳ ትላለች። አንዳንዴ አንደበቷ ላይ ይመጣና ትውጠዋለች። አንድ ቃል ብትናገር የዚህች አሮጊት ወገብ ይቀናል። ያው አንድ ቃል ግን ጎኩልን ሊያስይዘው ይችላል።

የብርዱ ወራት አልፎ ነፋሱ ከደቡብ መንፈስ በጀመረበት አንድ ከሰዓት፣ ጎረቤታቸው ፓንቺና ምራቷ በእግር እየተረገጠ የሚወቅጠውን የሱኮዳን ሙቀጫ ተውሰው ግቢው ውስጥ ጥቂት ሩዝ ይፈትጋሉ። ሱኮዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቶሩላታን ጠራቻት።

“ነይ እዚህ ቁጭ በይ። ፀጉርሽ የቁራ ጎጆ ሆኗል።”

“ተዉኝ እማዬ፣ እኔው አበጥረዋለሁ።”

“መቼ? አገሪቱ ነፃ ስትወጣ? ቁጭ በይ አልኩሽ! የቀረችኝን የሰናፍጭ ዘይት ላንቺ ብዬ ነው ያሞቅኳት።”

“እማዬ፣ ቅማል አለብኝ፤ እንዳይተላለፍብዎ…”

“የኔ ቅማል ካንቺ ቅማል ይጋባ! ምን ያጣላቸዋል?” ፓንቺና ምራቷ ሳቁ። ሱኮዳም ከስድስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። “አንቺም እኮ ልጅ ነሽ። እኔ እንዳንቺ ስሆን አንድም ሰው ራሴን አልዳሰሰኝም። እንግዲህ ዝም በይ።”

የሞቀው ዘይት ራሷ ላይ ፈሰሰ። የአማቷ ጣቶች ከግንባሯ ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ። ቶሩላታ መነሣት ነበረባት፤ ግን እንዴት? ደግሞስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሰው እጅ ናፍቋት ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቹ ቋጠሮውን ፈቱት፤ ፀጉሩን ከፈሉት፤ ከዚያ ቆሙ።

የሙቀጫው ዘነዘና ሦስቴ ወጥቶ ወረደ።

“ይሄ ምንድነው?” አለች ሱኮዳ። በጣቷ ነካችውና ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ጣቷ ቀይ ነበር። “ይሄ ምንድነው አልኩ! ሲንዱር? የማን ነው? የማንን ነው የምትቀቢው? ልጄ ከሞተ ገና ስድስት ወሩ፣ አመዱ አልበረደ፣ አንቺ ሌላ ባል አግብተሻል?”

“እማዬ…”

“እማዬ አትበይኝ! ከሳህኔ እየቀነስኩ ያበላኋት! ፀጉሯን ተዉላት ብዬ ያስተረፍኩላት! ለዚህ ነው? እዩ እንጂ፣ ሰዎች፣ ኑ እዩ!”

ፓንቺ ሙቀጫውን ትታ መጣች። ምራቷ ከኋላዋ። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ራስ ብቅ አለ። ቶሩላታ መሬት ላይ ተደፍታ አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ እውነቱን ብናገር ይህ ሁሉ ጆሮ ይሰማል። ሱኮዳ ፀጉሯን ይዛ ራሷን ቀና አደረገችው።

“ሌላ ሰው አለ? ተናገሪ!”

“አለ” አለች ቶሩላታ።

በጥፊ መታቻት። ፓንቺ እንኳ “ኧረ በቃ፣ ኧረ ትገያታለሽ” አለች። ከዚያ ሁሉም ቀስ በቀስ ወጡ፤ ለመቸኮላቸው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወሬ ይዘው ማን ቁጭ ይላል?

ግቢው ሲጸዳ ቶሩላታ አማቷን ተከትላ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ሱኮዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

“እማዬ፣ ይምቱኝ፤ ግን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይስሙኝ። ሌላ ሰው የለም። እሱ ነው። በሕይወት አለ። ያቃጠልነው የማናውቀውን ሰው ነው።”

ሱኮዳ ዞረች።

“ይበላል?” አለች።

“ይበላል፣ እማዬ።”

አሮጊቷ አንድ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በሌላው ያንን የመታችውን ጉንጭ ትዳስሰው ጀመር። እየሳቀች ነው ቢሉም፣ እያለቀሰች ነው ቢሉም ያስኬዳል። ከዚያ በድንገት ፊቷ ጠቆረ።

“ምን ብዬ ነው የጮኽኩት?” አለች። “ማን ማን ነበር?”

በማግሥቱ በየቤቱ እየዞረች “ዓይኔ ፈዝዞ ነው፤ ቁስል ኖሯል፤ አሮጊት ሆኛለሁ” አለች። ጎኩል ልክ ብሎ ነበር፤ እናቱ ውሸት አታውቅበትም። ሴቶቹ እሺ እሺ እያሉ ከኋላዋ ተጠቃቀሱ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የመንደሩ ዘበኛ ሀሩ ወሬውን እንደ ቀልድ ጣቢያ ድረስ ይዞት ሄደ። ኋላ እንደተሰማው፣ ፖሊሶቹ ሁሉ ሲስቁ አዛዡ ናንዲ ብቻ አልሳቀም። እሱም የቤንጋል ልጅ ነው፤ ሚስትም እናትም አሉት። “ወዳጅ የያዘች መበለት ሽቶ ትደብቃለች፤ ጉትቻ ትደብቃለች” አለ። “ሲንዱር ለወዳጅ አይቀባም። ሲንዱር ለባል ነው።” ቀጥሎም ሀሩን ከነቶሩላታ ቤት ፊት ለፊት አስቀመጠው። ሀሩም መረብ የሚጠግን መስሎ እዚያው ዋለ፤ በሁለተኛውም ቀን ያንኑ መረብ ይጠግናል።

ሁለቱ ሴቶች በበሩ ስንጥቅ አዩት። የገበያው ቀን ደርሷል፤ ጎኩል ካለበት እንዲርቅ ለካሲም መንገር ያስፈልጋል።

“አንቺ አትሄጂም” አለች ሱኮዳ። “እኔ እሄዳለሁ። አሮጊት ማሰሮ ስትገዛ ማን ያያታል?”

“ባዶ እጅዎን ይሂዱ። ‘ይሂድ’ ብቻ ይበሉት፣ ሌላ ምንም። ምንም እንዳይሰጡት፣ እማዬ።”

“እሺ አልኩሽ እኮ።”

ሱኮዳ ወጣች። ቶሩላታ ቤቱን ስታስተካክል ከምድጃው በስተኋላ በአመድ የተሸፈነ ነገር እግሯን ወጋት። የኮኮናት ቅርፊት ነበር። ከአውሎ ነፋሱ ተርፋ፣ ለአማልክት ተብላ የተቀመጠችው አንዷ ኮኮናት። ድስቱን ከፈተችው፤ የተምር ስኳር ይሸታል። ጎኩል ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚወዳትን ድብልብል ጣፋጭ፣ አሮጊቷ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ሠርታት፣ በልብሷ እጥፋት ደብቃ ሄዳለች። ስድስት ወር አልቅሳበት፣ አሁን አለ ሲሏት፣ “ሽሽ” የሚል ቃል ብቻ በባዶ እጇ ልትልክለት እንዴት ይቻላት? ቶሩላታ ወደ በሩ ሮጠች። ሀሩም መረቡም አልነበሩም።

አገሩ የውሃ ቅጠል በሚቀቅልበት ወቅት አንዲት መበለት ለጀልባ ቀዛፊ ጣፋጭ ስትሰጥና ስታለቅስ ሀሩ አየ። ከዚህ በላይ ማየት አላስፈለገውም።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ከወንዙ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሱኮዳና ቶሩላታ ደረጃው ላይ ነበሩ። ፀሐዩ ዘንበል ሲል አንድ ፖሊስ መጣና “አዛዡ ይጠራችኋል” አለ።

ወንዙ ዳር፣ ባለፈው ሬሳ የነበረበት አካባቢ፣ ምንጣፍ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ጢሙ አድጓል፤ ጎድኖቹ ይቆጠራሉ፤ ጥይቱ በጀርባው ገብቶ በአንገቱ ወጥቷል። ከጎኑ ካሲም የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ሀሩ ራቅ ብሎ መሬት መሬት ያያል።

“መንገደኛ ነው ያሳፈርኩት ይላል ይሄ” አለ አዛዡ፣ ካሲምን እየጠቆመ። “ሀሩ ደግሞ ተለውጧል፣ አላውቀውም ይለኛል፤ አሁን አፈረ መሰለኝ። እኔም በገዛ ፊርማዬ ጎኩል ማይቲ ሞቷል ብዬ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ከእናንተ አፍ ነው የምፈልገው። እንግዲህ እናቱ፣ እይው። ልጅሽ ከሆነ ውሰጂው፤ በወጉ አልቅሰሽ፣ በዘመድ እጅ እሳት ለኩሰሽ አቃጥዪው። አልከለክልሽም። ቀዛፊው ግን ይሰቀላል፤ ምራትሽም ስለዋሸችኝ ወህኒ ትወርዳለች። ልጅሽ ካልሆነ ፖሊሶቹ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ያቃጥሉታል።”

ሱኮዳ ተጠጋችና በጉልበቷ ተንበረከከች። ልብሱ እስከ ጭኑ ተሰብስቧል፤ ጉልበቱ ላይ ያ የሩዝ ውሃ ጠባሳ በግልጽ ይታያል። አየችው። ቶሩላታም አየችው። ሱኮዳ ቀና ብላ ካሲምን ተመለከተችው። ካሲም ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ይጸልያል። አራት ልጆች አሉት።

“አላውቀውም” አለች አሮጊቷ። ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን ነበር። “ልጄን ማዕበሉ ወሰደብኝ። እዚሁ ፊትህ አልቅሼ አቃጥያለሁ። ስንት ጊዜ ነው አንድ ልጅ የሚሞተው? ይሄ የሌላ ሰው ልጅ ነው።” ከዚያ የልብሱን ጫፍ ጎትታ ጉልበቱን ሸፈነችው። “እናት ግን ሳይኖረው አይቀርም። ወገኑ የለም ብላችሁ እንደ ውሻ አትጎትቱት።”

ውሸት የማታውቀው ሴት ይህን አለች። አዛዡ ለረጅም ጊዜ ፊቷን መረመረ፤ ምንም አላገኘበትም። ወደ ቶሩላታ ዞረ።

“አንቺስ?”

“አላውቀውም።”

“እንዲያ ነው? ባለፈው ስሙን ጥሪ ብልሽ የባል ስም አይጠራም ተባልኩ። ጥሩ። ባልሽ ካልሆነ አሁን ምንም አያግድሽም። ‘ይሄ ሰው ጎኩል ማይቲ አይደለም’ በይ። ዓይኑን እያየሽ።”

ነፋሱ የሬሳውን ፀጉር ያንቀሳቅሰዋል። ቶሩላታ ዘጠኝ ዓመት ስሙን ከአፏ የከለከለችው ዕድሜው እንዲረዝም ነበር። በፓኑ ማሳ ውስጥ፣ በአልጋቸው ላይ፣ “አንዴ እንኳ ጥሪኝ” እያለ ሲለምናት እምቢ ብላዋለች። አሁን ዕድሜው አልቋል፤ የሚጠበቅ ነገር የለም። አፏን ከፈተች።

“ይሄ ሰው” አለች፣ “ጎኩል… ጎኩል ማይቲ አይደለም።”

ስሙ እንዴት ያለ ቀላል ስም ነበር።

አዛዡ መዝገቡን ዘጋ። እሱ በተወለደበት አገር የባሏን ስም በሬሳው ላይ ለክህደት የምትጠራ ሚስት የለችም፤ ይህን ያህል ያውቃል። ምናልባትም ሌላ ነገር አውቆ ዝም አለ፤ የሰው ልብ ማን ያያል? የካሲምን ገመድ ፍቱለት ብሎ ወደ ጣቢያው ሄደ። ፖሊሶቹ ምንጣፉን በአራት በኩል አነሡት። ቶሩላታም ሱኮዳም ዞር ብለው አላዩም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሱኮዳ በሩን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ኩሬው ሄደች። ሞት የሰማ ዘመድ ገላውን መታጠብ አለበት። የሚሰበር አምባር የለም፤ የሚለበስ ነጭ ልብስም አስቀድሞ ተለብሷል፤ የጎኩል ለቅሶ ሁሉ በሌላ ሰው ላይ አልቋል። ሁለቱም ከነልብሳቸው እስከ አንገታቸው ገቡ። ሱኮዳ የምራቷን ቋጠሮ ፈታች፤ ከጭንቅላቷ በስተኋላ ያችን ቀይ ነጥብ በጣቷ ፈልጋ አገኘቻት።

“እኔ ነኝ የገደልኩት” አለች ቶሩላታ። “ይሄ ነው የገደለው።”

“ዝም በይ። ጣፋጩን የሠራሁት እኔ ነኝ።”

ሱኮዳ ውሃ እየዘገነች አጠበችው፤ ቀስ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ራስ።

ፓንቺ እንስራዋን ይዛ ከዳር ቆማ ኖሯል። “ምነው በዚህ ሰዓት?” አለቻቸው። “ፀሐይ ልትጠልቅ እኮ ነው። ብርድ ይመታችኋል።”

“ሞቆን ነው” አለች ሱኮዳ።

ከዚያ የቶሩላታን እጅ ይዛ ወደ ውሃው ውስጥ ጠለቀች። ራሳቸውን ቀና ሲያደርጉ ፊታቸው ሁሉ ውሃ ነበር፤ ፓንቺም ምንም ሳይታያት እንስራዋን ሞልታ ሄደች።